የእመት ጦጢትን ምስል በኪሮሽ ካሬ ላይ ማውጣት

ጥያቄ ፦ የደብረ ብርሃኗ አክስት

የተከበራችሁ የኪሮሽና የዳንቴል ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ለእኅቴ ልጅ የሚሆን አነስተኛ ብርድ ልብስ በኪሮሽ እየሠራሁ ሳለ ችግር ስለገጠመኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ ጻፍኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ የምታውቁት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የሚለበስ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ብርድ ልብሱ እያንዳንዳቸው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ካሬዎች ይኖሩታል፤ በወርድ 3፣ በቁመት 4 ሆነው ሲጋጠሙ 90 በ120 ይሆናል። ስምንቱ ካሬዎች ሥዕል የሌላቸው ሲሆኑ፣ የቀሩት አራቱ እናቴ ማታ ማታ ለልጅቷ ከምትነግራት ተረት የወጡ ናቸው፦ እመት ጦጢት፣ አያ ጅቦ፣ አያ አንበሶና እመት አህይት። አስቀድሜ የያዝኩት የጦጢትን ነው። በእናቴ አተራረክ ጦጢት ሾላ ዛፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጅራቷን ቁልቁል ለቃ፣ ከሥር የሚያደባውን አያ ጅቦን በነገር ታታልለዋለች። ልጅቷ ተረቱ እዚህ ቦታ በደረሰ ቁጥር እናቴን አስቁማ «ጅራቷን ይዞ ቢጎትታትስ?» ብላ ትጠይቃለች። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ይህች ልጅ ካሬውን ስታይ ጦጢትን ያለ አስረጂ እንድታውቃት እመኛለሁ።

ንድፉን በልጆች ባለ ካሬ ደብተር ላይ 42 ቤት በ42 ቤት አድርጌ ሣልኩና አንዱን ቤት እንደ አንድ ዓይን እየቆጠርኩ በባለ 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሠራሁት። («ዓይን» የምለው አንዷን የኪሮሽ ስፌት ነው፤ በእኛ ቤት የምንጠራት እንዲህ ነው።) መደቡን ነጣ ባለ አክሬሊክ (ሰው ሠራሽ) ክር፣ ሰውነቷን በቡናማ፣ ፊቷን በጥቁር አደረግኩ፤ በጓሳ መንገድ የማያቸው እንደዚያ ስለሆኑም ደረቷ ላይ ቀይ ክር አስገባሁ። ሲጠናቀቅ የሚከተሉትን ጉድለቶች አየሁ።

ካሬው በወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በቁመቱ 26 ብቻ ሆነ፤ ጦጢትም ከላይ የተጫኗት ይመስል ጠፍጥፋ ወጣች። ቀለም በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ከቡናማው ወሰን ላይ አንድ የነጭ ክር ጫፍ እየሾለከ መስመሩን አበላሸው። ጥቁሩን ክር ከነጩ ዓይኖች ውስጥ እየደበቅኩ ስላሻገርኩት መደቡ ላይ እንደ ጥላ ሆኖ ይታያል። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን ጅራቷ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ወርድ ያለው በመሆኑ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ጅራት መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

በመጨረሻም እናቴ ከመንዝ በግ ጠጉር በእንዝርት የፈተለችው ጥቁር ቡናማ ሱፍ አለኝ። የጦጢትን ሰውነት በእሱ ብሠራው ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ከአክሬሊክ ክር ጋር ይስማማ እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ ፦ የአንኮበሯ ዳንቴል ሠሪ

ልጄ፣ እጅሽን አትውቀሺ፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። የደብተሩ ቤት ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው። ክሩን አንዴ ብቻ ጎትተን የምንዘጋው አጭሩ ዓይን ግን በአብዛኛው ሰው እጅ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ በመጠኑ ይሰፋል። አንቺ ከጻፍሽው ልኬት እንኳ ማስላት ይቻላል፤ 42 ዓይን 30 ሴንቲ ሜትር ከሞላ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 14 ዓይን አለ ማለት ነው፤ 42 ረድፍ ደግሞ 26 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ከሆነ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ረድፍ ይገባል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው 48 ረድፍ ያስፈልገው ነበር። አንዳንዶች ካሬውን በውኃ አርሰው በመወጠር ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የጎደለ እንደሆነ ይሳካል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ግን በመወጠር የሚገኝ አይደለም። ተርትሪውና እንደገና ጀምሪው፤ ክሩ አይባክንብሽም።

በመጀመሪያ የራስሽን ወረቀት አስምሪ። እያንዳንዱ ቤት 4 ሚሊ ሜትር ወርድና 3.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ይኑረው። 42 ቤት በወርድ 168 ሚሊ ሜትር፣ 48 ቤት በቁመት እንዲሁ 168 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ንድፉ ልክ እንደ ካሬሽ አራት ማዕዘኑ እኩል ይሆናል፤ በዚያ ላይ የሣልሽው ክብ በክሩም ክብ ሆኖ ይወጣል። ይህ ልኬት ለአንቺ እጅና ለአንቺ ኪሮሽ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሌላዋ አንባቢ አስቀድማ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የሙከራ ቁራጭ ሠርታ ዓይኑንና ረድፉን ከመሐሉ ትቁጠር። ጠርዙ ላይ ያለው ዓይን ስለሚጠብ ወይም ስለሚላላ ለቆጠራ አይታመንም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ነጩን ዓይን በነጭ ክር ጨርሰሽ ከዘጋሽ በኋላ ቡናማውን እንደምታነሺ ከሾለከው ጫፍ ተረድቻለሁ። የዓይን አናት የሚሆነው ቀለበት ግን ከእሱ በፊት በነበረው ዓይን ማብቂያ ላይ የሚጎተተው ክር ነው። ስለዚህ ቡናማው ከመጀመሩ አንድ ዓይን ቀደም ብለሽ፣ የመጨረሻውን ነጭ ዓይን ጀምረሽ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች እንደቀሩ ነጩን ተይና ቡናማውን አንሺ፤ ሁለቱን ቀለበቶች በቡናማው ጎትተሽ ዝጊ። ኪሮሹ ላይ የምትቀረው ቀለበት ቡናማ ትሆናለች፤ ቀጣዩ ዓይንም ከእግሩ እስከ አናቱ ቡናማ ይሆናል። ወደ ነጭ ስትመለሺም እንዲሁ አድርጊ።

ስለ ጥላው፣ ክርን በዓይኖች ውስጥ ደብቆ ማሻገር ክፉ ዘዴ አይደለም፤ ቀለሞቹ በየሁለት በየሦስት ዓይን ለሚፈራረቁበት ሐረግ መሰል ሥራ ከእሱ የሚሻል የለም። ለአንቺ ዓይነቱ ትልቅ ምስል ግን ለየቀለሙ ክልል የራሱ ትንሽ ልቃቂት ቢኖረው ይሻላል። ከጦጢት በስተቀኝ ላለው መደብ አንድ፣ በስተግራ ላለው ሌላ አንድ፣ ለሰውነቷ አንድ፣ ለፊቷ አንድ። አንዱ ቀለም ሲያበቃ ክሩን በጀርባው በኩል ትተሽው ትሄጃለሽ፣ በሚቀጥለው ረድፍ ስትመለሺ እዚያው ይጠብቅሻል። ክሩ ከሚፈለግበት ቦታ ሦስት ወይም አራት ዓይን ቢርቅ ያን ያህሉን ደብቆ ማሻገር አይጎዳም። ሥራውን ገልብጠሽ በምትመለሺበት ረድፍ ግን የካሬው ጀርባ ወደ አንቺ የዞረ መሆኑን አትርሺ፤ የተተወው ክር ያን ጊዜ ወደ ራስሽ መምጣት አለበት። ይህን ስረሳ ስንት ካሬ በፊቱ በኩል ክር ተጋድሞበት እንደተረተርኩ እኔው አውቃለሁ።

ንድፉን የምታነቢው ከታች ጀምረሽ ነው፤ ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ግራ እጅ ከሆንሽ ተቃራኒው ነው። የጨረስሽውን ረድፍ በእርሳስ ሰርዢው። ስለ ጅራቱ ሌሎች የሚሉትን ከሰማሁ በኋላ እመለሳለሁ።

መልስ ፦ የመሐል ሜዳ የሥዕል መምህር

እኅቴ፣ የአንኮበሯ እናታችን ስለ ልኬቱና ስለ ክሩ የተናገሩት የተሟላ ነው፤ እኔ ስለ ምስሉ ብቻ ልናገር፤ ምክንያቱም ችግሩ ከኪሮሹ በፊት በንድፉም ላይ የነበረ ይመስለኛል።

ደረቷ ላይ ያደረጉት ቀይ ክር የጭላዳ ምልክት ነው። በጓሳ የምናየው፣ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ያለው፣ ሣር እየነጨ ውሎ ገደል ላይ የሚያድረው ጭላዳ ነው። በእናትዎ ተረት ውስጥ ሾላ ላይ ተቀምጣ ጅራቷን የምትለቀው ግን ጦጣ ናት። የጦጣ ፊት ጥቁር ነው፤ ከግንባሯ ላይ ነጭ መስመር ያልፋል፤ ከጉንጮቿም ወደ ኋላ የሚበተኑ ረጃጅም ነጭ ጠጉሮች አሏት፤ ጅራቷም ረጅምና ቀጭን ነው። ይህን የምለው ተረቱን የእንስሳት ትምህርት ለማድረግ አይደለም። ጥቁር ፊት በነጭ ጠጉር ተከብቦ ሲታይ ከሩቅ የሚለይ፣ በሁለት ቀለም ብቻ የሚሠራ ምስል ስለሆነ ነው። በ42 ዓይን ወርድ ውስጥ ጣት፣ ጥርስ፣ የዛፍ ቅጠል ሁሉ ለማስገባት ብንሞክር አንዱም አይታወቅም። ልጅ የምትለይበትን አንድ ወይም ሁለት ምልክት መርጠን ለእነዚያ ሰፊ ቦታ ከሰጠን ግን የቀረውን ልጅቷ ከተረቱ ትሞላዋለች። ለጦጢት እነዚህ ሁለቱ ፊቷና ጅራቷ ናቸው፤ ጅራቷን የእኅትዎ ልጅ ራሷ በጥያቄዋ መርጣዋለች።

ስለዚህ ፊቷን አሁን ካደረጉት ያሳድጉት፤ ነጩን ጠጉር ጨምሮ 14 ዓይን በ16 ረድፍ ይስጡት፣ ይህም በእርስዎ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ዓይን ለነጩ ጠጉር፣ ከላይ ሁለት ረድፍ ለግንባሩ መስመር ይሁን፤ መሐሉ ጥቁር ይሆናል። ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ሁለት ዓይን ወርድና ሁለት ረድፍ ቁመት ያላቸው ቡናማ ይሁኑ። አፍ አይሥሩላት። ብልጠቷ የሚታየው ዓይኖቿ ወዴት እንደሚመለከቱ ነውና ካሬው ካለቀ በኋላ በመርፌ በእያንዳንዱ ዓይኗ ታችኛ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ቢጨምሩላት ቁልቁል ወደ አያ ጅቦ የምትመለከት ትሆናለች።

ይህን ካደረጉ ደግሞ መደቡ ነጭ ሊሆን አይችልም፤ ነጩ ጠጉር በነጭ መደብ ውስጥ ይጠፋል። ጥቁሩንም ነጩንም የሚያጎላ መካከለኛ ቀለም፣ ለምሳሌ የሣር አረንጓዴ፣ ይምረጡ። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ የመረጧቸውን ክሮች አንድ ላይ አስቀምጠው በስልክዎ ያለ ቀለም፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሧቸው። በፎቶው ላይ አረንጓዴውና ቡናማው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከታዩ ከሩቅም አይለዩምና አንዱን ይቀይሩ። የሰውነቷ ቀለም ከእውነተኛዋ ጦጣ ይልቅ ቢጠቁር አልቃወምም፤ የእናትዎ ሱፍ ካለ እሱ ይሁን።

መልስ ፦ የሞላሌዋ ፈታይ

እኅት ዓለም፣ ስለ ሱፉ ልንገርሽ፤ በቤታችን ባናም ዝተትም ሲሠራ አይቼ አድጌያለሁ፣ አሁንም እፈትላለሁ።

የበግ ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታጠበና ከታሸ ይጠብቃል፤ የጠጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ይያያዙና ተመልሰው አይላቀቁም። አክሬሊክ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ሁለቱን በአንድ ካሬ ካዋሃድሻቸውና አንድ ቀን ሰው ሳያውቅ በሙቅ ውኃ ካጠበው የጦጢት ሰውነት ተሰብስቦ መደቡ ዙሪያውን ይጨማደዳል። ይህ ማለት አይሠራም ማለት አይደለም፤ እኔ ብሆን እናቴ የፈተለችውን ሱፍ ለማንም ፋብሪካ ክር አልለውጥም። ጥንቃቄው ግን ከሥራው በፊት ይጀምራል።

ሱፉን ከእንዝርት አውርደሽ በረጅሙ ጠቅልይና አራት ቦታ ላይ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ አትሺው፣ አትጠምዝዢው፤ በእጅሽ እየተጫንሽ ውኃውን አውጪለት። በዚህ ጊዜ የቀረው የጠጉሩ ቅባትና አቧራ ይለቃል። ከጥላ ሥር አንጠልጥለሽ አድርቂው። ከዚያ አንዱ ክር ብቻውን ለኪሮሽ አይመችም፤ ኪሮሹ በእያንዳንዱ ዓይን ክሩን በመጠኑ ስለሚያዞረው ላላ ብሎ የተፈተለ ክር እየተፈታ ይበጠሳል። ሁለቱን አጥፈሽ፣ ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒ በእንዝርት አክርሪው። ውፍረቱ ከአክሬሊኩ ጋር መስማማቱን ለማየት በዚያው ኪሮሽ 14 ዓይን ሥሪ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነልሽ ተስማምቷል። ከወፈረ ሰውነቷ መደቡን ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ቀጠን አድርገሽ እንደገና መፍተል ነው።

ስንት እንደሚያስፈልግሽ ለማወቅ አሥር ዓይን ሠርተሽ ተርትሪና ክሩን ለኪ። በእኔ እጅ በእንዲህ ያለ ውፍረት አሥር ዓይን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈጃል። ካሬሽ በሙሉ 42 ሲባዛ በ48፣ 2,016 ዓይን ነው፤ በዚህ ልክ 80 ሜትር ያህል ክር ይሆናል። የጦጢት ሰውነት ስንት ቤት እንደያዘ ከንድፉ ቆጥረሽ ድርሻውን ታወጫለሽ።

የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ስለሆነ የሕፃን ገላ ያሳክካል። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ገበር አድርጊበት፤ የክሮቹንም ጫፍ ይሸፍንልሻል። ጥጡ በመጀመሪያ እጥበት ስለሚሰበሰብ ከመስፋትሽ በፊት አጥበሽ አድርቂው። ሲያልቅ ለሚያጥበው ሰው ሁሉ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ መሆኑን ንገሪ።

መልስ ፦ የሸዋ ሮቢቷ ጀማሪ

እትዬ፣ እኔ በዚህ ሥራ ገና ጀማሪ ብሆንም ከጥግ ወደ ጥግ የሚሠራውን ዘዴ እንዲያስቡበት ልጠይቅዎ። በሦስት ሰንሰለትና በሦስት ረጅም ዓይኖች አንዲት ትንሽ ጡብ ይሠራሉ፤ ከካሬው አንድ ጥግ ጀምረው በየረድፉ አንድ አንድ ጡብ እየጨመሩ እስከ መሐል ይደርሳሉ፤ ከዚያም አንድ አንድ እየቀነሱ ተቃራኒው ጥግ ላይ ያበቃሉ። ጡቧ በራሷ እኩል አራት ማዕዘን ለመሆን ስለምትቀርብ ተራው የልጆች ደብተር ያለ ችግር ያገለግላል፤ ሥራውም በጣም ይፈጥናል። እኔ በዚህ ዘዴ አንድ ካሬ በሁለት ምሽት ጨርሻለሁ።

ጠያቂዋ ፦ የደብረ ብርሃኗ አክስት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሬውን ተርትሬ በአንኮበሯ እማማ ልኬት አዲስ ወረቀት አስምሬያለሁ፤ ሱፉም ታጥቦ ደርቋል፣ እናቴ ራሷ እያከረረችው ነው። ቀዩን ደረት ትቼዋለሁ። ለካ ዕድሜ ልኬን ጭላዳንና ጦጣን በአንድ ስም እየጠራሁ ኖሬያለሁ፤ መምህሩ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የስልኩን ፎቶ ስሞክር መጀመሪያ የመረጥኩት ጥቁር አረንጓዴ ከሱፉ ጋር አንድ ሆኖ ታየኝ፤ ስለዚህ ፈካ ባለ አረንጓዴ ቀየርኩት።

የሸዋ ሮቢቷ እኅቴ ያልሽውንም ሞክሬዋለሁ። በእኔ ክርና ኪሮሽ አንዷ ጡብ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነችብኝ፤ ስለዚህ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገቡት 15 ጡቦች ብቻ ናቸው። በ15 ቤት ደግሞ ነጩ ጠጉርና የግንባሩ መስመር አይለዩም። ለስምንቱ ሥዕል አልባ ካሬዎች ግን እጠቀምበታለሁ፤ ጊዜዬን ይቆጥብልኛል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ጅራቱ ነው። ሁለት ዓይን ወርድ ባደርገውም ጠመዝማዛው መስመር ደረጃ መሆኑ አልቀረም። ጅራቱን ለብቻው ሠርቼ ጫፉን ለቅቄ ባንጠለጥለውስ ብዬ አስቤያለሁ፤ ልጅቷ በእጇ ልትይዘው ትችላለች።

መልስ ፦ የአንኮበሯ ዳንቴል ሠሪ

ልጄ፣ ጅራቱን በንድፉ ላይ ጨርሶ አትሣዪው። ቀጥ ያለ መስመር በዓይኖች ሊሠራ ይችላል፤ በቀጭኑ የሚጠማዘዝ መስመር ግን ካሬው ካለቀ በኋላ ከላይ የሚሠራ ነገር ነው። ጅራቱ የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ አረንጓዴ መደብ አድርገሽ ካሬውን ጨርሺ። ከዚያ ጅራቱ እንዲወርድ የምትፈልጊበትን መንገድ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በአንድ ጊዜ፣ እጅሽን ሳታነሺ አስምሪው። የሱፉን ክር ከካሬው በታች በግራ እጅሽ ያዢ፤ ኪሮሹን ከላይ ወደ ታች አስገብተሽ አንድ ቀለበት አውጪ፤ በመስመሩ ላይ ትንሽ ወደፊት ራቅ ብለሽ እንደገና አስገቢና ሁለተኛውን ቀለበት አውጥተሽ በመጀመሪያው ውስጥ አሳልፊው። እንዲህ እያልሽ ስትሄጂ በጨርቁ ፊት ላይ የተኛ ሰንሰለት ይሆናል፤ በዓይኖቹ መሐልም ሆነ በዓይኑ ላይ መውጋት ስለምትችዪ ወደፈለግሽበት ይጠማዘዝልሻል። ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ሥሪው፤ አንዱ ለጅራት ይቀጥናል። ክሩን አታጥብቂ፤ ከጠበቀ ጨርቁ ይሰበሰባል። እኔ ለዚህ ሥራ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ኪሮሽ እይዛለሁ።

ስለ ተንጠልጣዩ ጅራት ያሰብሽውን አልደግፍም። ለተኛ ልጅ በሚደረብ ልብስ ላይ ረጅም ገመድ መሰል ነገር አይተውም፤ ጣትም ላይ አንገትም ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ለዓይኗም ቁልፍ አትስፊ፤ የተነቀለ ቁልፍ ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። በእጇ እንድትይዘው ከፈለግሽ ሰንሰለቱ ራሱ ከፍ ብሎ ስለሚተኛ በጣቷ ልትከተለው ትችላለች።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ስለ ጠርዙ አልጠየቅሽም፣ ግን ካሬዎቹን ስታጋጥሚ ይገጥምሻል። ከላይና ከታች 42 ዓይን አለሽ፤ በጎኑ ግን 48 ረድፍ ነው። ጠርዙን ስትዞሪ በየረድፉ ጫፍ አንድ ዓይን ካስገባሽ ጎኑ እንደ ቅጠል ይወላገዳል። በስምንት ረድፍ ሰባት ዓይን አድርጊ፤ ማለትም ስምንተኛውን እየዘለልሽ እለፊ፤ ያን ጊዜ ጎኑም 42 ይሆናል። በየጥጉ በአንድ ቦታ ሦስት ዓይን አግቢ። ከመጋጠምሽ በፊት እያንዳንዱን ካሬ አርሰሽ በፎጣ ተጭነሽ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ 30 በ30 አድርገሽ በስፒል ወጥረሽ አድርቂው። ካውያ አታስጠጊ፤ አክሬሊክ በሙቀት ይሞትና ተለጥጦ ይቀራል።

ጠያቂዋ ፦ የደብረ ብርሃኗ አክስት

እማማ፣ እንዳሉኝ አደረግኩት። ካሬው ከተወጠረ በኋላ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 29.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ቀለም በተለወጠበት ቦታ አንድም የሾለከ ጫፍ የለም። ጅራቱን ሁለት ጊዜ ፈትቼ በሦስተኛው ተሳካልኝ፤ በመጀመሪያው አጥብቄው ነበር፣ በሁለተኛው ደግሞ ጠመኔውን በፍርሃት ቆራርጬ ስላሰመርኩት ጅራቱም ተቆራርጦ ወጣ። በሦስተኛው እናቴ ጠመኔውን ተቀብላ ከቅርንጫፉ እስከ ካሬው ታችኛ ጠርዝ ድረስ በአንድ ጊዜ ሳበችው። ተረቱ የእሷ ነውና መስመሩም የእሷ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

ትናንት ማታ ካሬውን ምንም ሳልናገር ምድጃው አጠገብ ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ስሟን ለመጥራት ጊዜ አልፈጀባትም። ጣቷን ከጅራቱ ሥር ጀምራ እስከ ጫፉ አወረደችና ከካሬው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆማ፣ ከሥሩ የሚሰፋው ካሬ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕቅዴ አያ ጅቦን በቀጥታ ከጦጢት ሥር ማድረግ ነበር፤ በተረቱም ቦታው እዚያ ስለሆነ። ስነግራት ካሬውን አቅፋ እንቢ አለች። ስለዚህ ጦጢት ከላይ በግራ ጥግ፣ አያ ጅቦ ከታች በቀኝ ጥግ እንዲሆኑ አቀማመጡን ለውጬዋለሁ፤ በመካከላቸውም ሥዕል አልባ ካሬዎች ይኖራሉ። ዛሬ የጅቦን ንድፍ በ42 በ48 ወረቀት ላይ ጀምሬያለሁ። መምህሩ ስለ ጅብ ፊት የሚሉኝ ካለ ክሩን ከመቁረጤ በፊት ብሰማ እወዳለሁ።